ፊልሙን ላላዩት ሐያሲያን የቀረበ ውዳሴ

አንድን ፊልም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ማየት የሥራ ፈት ልማድ መሆኑን የተረዳሁት ሰሞኑን አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። የካርታው ጨዋታ ሞቅ ሲል ወሬው ወደ ፊልም ዞረ፤ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የተከበሩ ሰውም የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አንስተው «ይንዛዛል» ሲሉ ፈረዱ። የት እንዳዩት ስጠይቃቸው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በ12 ደቂቃ ተተርኮ አይተውታል፤ እሱንም አፍጥነው። 140 ደቂቃ የሚፈጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ይዞ የተመለሰው ሥራ በ12 ደቂቃም በዛባቸው። እንዲህ ዓይነቱን ተመልካች ያብዛልን!

ታውቋቸዋላችሁ፤ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ያላዩት እንጂ ያልተቹት ፊልም የለም። «አላየሁትም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ ሰው ካለ ይመስክር። ድራማ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ፣ ያውም ቡና እስኪፈላ ድረስ አይተው የደራሲውን ድክመት ከነመፍትሔው ያስረዱናል።

ለዚህ ዕውቀት የበቁት ፊልምን በደቂቃዎች አሳጥረው፣ ምስሉን እያሳዩ በኢንተርኔት በሚተርኩልን ተራኪዎች ብርታት ነው። «ፊልሙ የሚጀምረው አንድ ሰውዬ ሲሮጥ ነው» ይላል ተራኪው። ሰውዬው ስም የለውም፤ ሚስቱም «ሴትዮዋ» ናት። ሴትዮዋ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋን ለመዋጥ ስትታገል የሚያሳየው ረጅም ትዕይንት «ሴትዮዋም በጣም አዘነች» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠናቀቃል። ምን ያለ ቁጠባ ነው! ተዋናይዋ ያን ያህል መልፋቷ ያሳዝናል፤ ማዘኗን ተናግራ መሄድ ትችል ነበር።

የድንኳኑ ሊቅ ግን ከተራኪውም ይበልጣሉ። «አስተውለህ ከሆነ» አሉኝ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ «የዘንድሮ ፊልም ጀግኖች ሁሉ ግራኞች ናቸው።» ቀልድ መስሎኝ ነበር። መርማሪው በግራ እጁ ይፈርማል፤ ገዳዩ በግራ እጁ ይወጋል፤ ሐኪሙም በግራ እጁ ይሰፋል። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ተራኪዎቹ የባለቤትነት መብትን የሚቆጣጠረው የኮምፒውተር ሥርዓት እንዳይነቃባቸው ምስሉን በመስታወት እንደሚታይ አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ ይገለብጡታል። ይህን ላስረዳ ብሞክር ማን ሰምቶኝ! ሊቁ ንድፈ ሐሳባቸውን ቀጠሉ። ሙሽራዋ ቀለበቷን በቀኝ እጇ ማጥለቋ ጋብቻው እንደማይጸና የተሰጠ ምልክት ነው። የኒውዮርክ መኪኖች ግራቸውን ይዘው መንዳታቸው ዓለም መገልበጧን ያመለክታል፤ ዳይሬክተሩ ረቂቅ ሰው ናቸው። ልቡን ተመታ የተባለው ሰው ጥይቱ ያገኘው በቀኝ ደረቱ ስለሆነ አልሞተም፤ ክፍል ሁለት ይኖረዋል። በፖሊስ መኪናው ላይ የተጻፈው ፊደል ወደ ኋላ መነበቡስ? «እሱማ ዐረብኛ ነው፤ ታሪኩ ዱባይ ገብቷል።» አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አንድ ወጣት ደግሞ የፊልሙን ስም ጠየቃቸው። ስሙን አላስታወሱትም።

በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። እነዚያ ሰዎች ቢያንስ በሩ ድረስ ሄደው ነው የፈሩት።

ጊዜ አጥሯቸው ነው እንዳልል፣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በአማርኛ ድምፅ ሲቀርብልን የኖረውን የቱርክ ድራማ እነዚሁ ሰዎች ለወራት ተከታትለዋል። አንድ ከበርቴ ደረጃ ወጥቶ በሩን እስኪከፍት አንድ ምሽት፣ የከፈተችለትን ሴት አይቶ እስኪደነግጥ ሌላ ምሽት በትዕግሥት ጠብቀዋል። የሚንዛዛባቸው የእኛው ሰው የሠራው ሲሆን ነው።

የማያስቀውም ይኸው ነው። ቤቱን አስይዞ የተበደረ ፕሮዲውሰር አለ። ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ መብራት ይዞ የቆመ ልጅ አለ። አንዲት ተዋናይ አንዱን ትዕይንት እስኪቀናት ደጋግማ አልቅሳለች። ፊልሙ ገና ከሲኒማ ቤት ሳይወርድ ታሪኩን ከነመጨረሻው ዘርግፎ የማስታወቂያ ገንዘብ መልቀም ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ! ሌባው እንኳ የሚሸጠው ነገር ዋጋ እንዳለው ያውቃል። አንተ ግን ስርቆቱን በነፃ ተመልክተህ፣ በሰው ፊት «አይረባም» ብለህ፣ ትኬት ሊቆርጥ ያሰበውን ከመንገድ ትመልሳለህ። ካላየኸው ምናለ ዝም ብትል?

ለሊቁ ግን እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም፤ አገር ያከበራቸው ሰው ናቸው። እንደነገሩኝ ከሆነ በቅርቡ «የኢትዮጵያ ፊልም ወዴት?» በሚል ርዕስ በሚካሄድ ውይይት ላይ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ተጋብዘዋል። አዘጋጆቹ ንግግሩ ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ቢጠይቋቸው ክፉኛ ተቆጥተዋል። ሐሳባቸው ከቆረጡት ትርጉሙ ይጠፋል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ካልተሰጣቸው አይመጡም።