ኮፒው ከበቃ ኮፒውን እናንተ ያዙት

ሰሞኑን አንድ የአውሮፓ ቤተ መዛግብት ባለሙያ በኢንተርኔት ውይይት ላይ ስለ ፓስፊክ ደሴቶች የቅኝ ግዛት ዘመን ወረቀቶች ተጠየቁ። የሚስዮናውያኑ ደብዳቤ፣ የነጋዴዎቹ ውልና የሒሳብ መዝገብ ለደሴቶቹ ሰዎች ይመለስ ወይ ነው ጥያቄው። ሰውየው ምንም አልተቸገሩም። ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ስላለ መመለሱ ትርጉም የለውም አሉ። ደግሞም ባሕሩ ደሴቶቹን እየዋጠ ስለሆነ አውሮፓ ቢቀመጥ ይሻለዋል ሲሉ አከሉ።

ከባሕሩ እንጀምር። ባሕሩን ከፍ ያደረገው የማን ፋብሪካ ጭስ እንደሆነ ሰውየው አላነሱትም። ይሁን። ግን ፊጂ ውስጥ፣ ሱቫ ከተማ ላይ፣ ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት የተቋቋመው በ1954 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የምዕራብ ፓስፊክ ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ማለትም እንግሊዝ ደሴቶቹን ያስተዳደረችበት መሥሪያ ቤት፣ ወረቀት እዚያ ተቀምጦ ነበር። የሰሎሞን ደሴቶች ጉዳይ፣ የጊልበርትና ኤሊስ ደሴቶች (የዛሬዎቹ ኪሪባቲና ቱቫሉ) ጉዳይ፣ የነጋዴዎች ክርክር፣ የሚስዮናውያን አቤቱታ፣ ሁሉም። በዚያው ሙቀት፣ በዚያው እርጥበት። አልበሰበሰም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ የተጫነው ባሕር አስፈርቶት አይደለም። ኮሚሽኑ ተዘጋ፣ ጌቶቹ ወረቀታቸውን ሰብስበው ሄዱ። በቃ።

ስለ አስተማማኝ እጅ የሚያወሩ ሰዎች ደግሞ 2011ን ባይረሱ ጥሩ ነው። የኬንያ ማው ማው አረጋውያን ለንደን ፍርድ ቤት በቆሙበት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ከ37 የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ያመጣቸውን 8,800 ያህል ፋይሎች ደብቆ መያዙን ለማመን ተገደደ። አደራ እንዲህ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ስካኑ። ኮፒ ይበቃል? እሺ፣ ይበቃል እንበል። ታዲያ ኮፒውን እናንተ ለምን አትይዙትም?

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው። ካንቤራ የሚገኘው የፓስፊክ ማኑስክሪፕትስ ቢሮ ከ1968 ጀምሮ ሰው ወደ ደሴቶቹ እየላከ የሚስዮን ጣቢያዎችን፣ የእርሻ ድርጅቶችንና የንግድ ቤቶችን ወረቀት በማይክሮፊልም ሲያነሳ ኖሯል። ዋናው እዚያው ይቀራል። ፊልሙ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድና የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። በዚያ ፊልም ስንቱ ዶክትሬት ሠራ፣ ስንቱ ፕሮፌሰር ሆነ። ፊልም ስለሆነ አልበቃኝም ብሎ ዲግሪውን የመለሰ አልሰማሁም። ለካንቤራው ፕሮፌሰር ኮፒ ከበቃ፣ ለአውሮፓው ባለሙያም ይበቃዋል። የኮፒ በቂነት የሚታወሳቸው ተቀባዩ ደሴተኛ ሲሆን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ይህን ዜማ እናውቀዋለን። በ2018 የመቅደላን ዕቃ በውሰት እንስጣችሁ የተባልን ሰዎች ነን።

አንድ ወረቀት ምን ያህል እንደሚመዝን ባናባን መጠየቅ ነው። ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የምትሆን ደሴት ናት። ግንቦት 1900 ላይ የአንድ ንግድ ኩባንያ ሰው፣ አልበርት ኤሊስ፣ ከመርከብ ወርዶ አንዱን የደሴቲቱ ሰው ንጉሥ ብሎ አስፈረመው። ሰውየው በደሴቲቱ ሁሉ ላይ ሥልጣን አልነበረውም። ውሉ ፎስፌት (ማዳበሪያ የሚሠራበት ማዕድን) ለመቆፈር ነው፣ ለ999 ዓመት። ክፍያው በዓመት 50 ፓውንድ፣ ወይም በዚያ ዋጋ ዕቃ፣ ያውም በደሴቲቱ የገበያ ዋጋ። ገበያው የማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አይ ንግድ! ቁፋሮው እስከ 1979 ቀጠለ፣ የደሴቲቱ አብዛኛው አፈር ተጭኖ ሄደ። ሕዝቡ በታኅሣሥ 1945 ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው፣ ፊጂ ውስጥ ወዳለችው ራቢ ተወሰደ።

ባናባውያን በ1970ዎቹ ለንደን ሄደው የእንግሊዝን መንግሥትና ፎስፌቱን የሚቆፍረውን ኮሚሽን ከሰሱ። ዳኛው ሜጋሪ ደሴቲቱ ድረስ ሄደው አዩ። ክርክሩ ግን ያለቀው በወረቀት ነው፣ ማን ምን ጻፈ፣ ማን ምን ቃል ገባ በሚል። ዋናው ጥያቄያቸው ውድቅ ሆነ። ያ ሁሉ ፋይል ከመጀመሪያው በባናባውያን እጅ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ሌላ ይሆን ነበር። ማንም ሌላ ነገር ሊያሳምነኝ አይችልም። የፎስፌት ኮሚሽኑ ወረቀት ዛሬም ያለው ሜልበርን ነው።

ስካኑስ ቢሆን ለማን ነው የተሠራው? የለንደን ሚስዮናውያን ማኅበር መዝገብ ለንደን፣ ሶአስ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። በ1863 የፔሩ ባሪያ ፈንጋይ መርከቦች ከሳሞአ በስተሰሜን ያሉትን የቶከላው ደሴቶች ሲዘርፉ፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉን ሲወስዱ፣ ወሬውን የጻፉት የሳሞአ ሚስዮናውያን ናቸው። (እነሱም ቢሆኑ ለገንዘብ ሰጪዎቻቸው ነበር የሚጽፉት። እሱን እያሰቡ ማንበብ ያስፈልጋል።) ቅድመ አያቱን የሚፈልግ የቶከላው ልጅ ግን የሚያውቀው የአያቱን ስምና የመንደሩን ስም ነው። ፋይሉ የሚከፈተው በሚስዮናዊው ስም ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ወዳለው የኩዊንስላንድ የስኳር እርሻ የተወሰዱት ደሴተኞች ደግሞ ይባስ። ከ1863 እስከ 1904 ወደ 62,000 የሥራ ውል ተፈርሟል፤ ስማቸውን ግን መልማዩ እንደመሰለው ነው የጻፈው። የታና ደሴት (ዛሬ ቫኑዋቱ ውስጥ ያለችው) ሰው ቶሚ ታና ተብሎ ቀረ። ይህን ማውጫ አስተካክሎ ሊሠራ የሚችለው ታናና ጎረቤቷ ኤሮማንጋ ደሴት ላይ ያለ ሰው ነው፣ ወረቀቱም ባለሙያውም እዚያ ሲሆን።

ለሚስዮናውያኑ ማኅበር የተላከ ደብዳቤ የማኅበሩ ንብረት ነው የሚሉ አሉ። እሺ፣ ይህቺን ልቀበል። ሳሞአውያን አስተማሪዎች ራሳቸው የጻፉትስ? ሚስዮኑን ደሴት ለደሴት ተሸክመው የዞሩት እነሱ ናቸው።

ወጪ አለው ይባላል ደግሞ። ከሱቫ እንግሊዝ ድረስ ለመጫን ገንዘብ ተገኝቷል። በ2002 ያንኑ የከፍተኛ ኮሚሽኑን ወረቀት ከእንግሊዝ ኒውዚላንድ ውስጥ ወዳለው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ለማዛወርም ተገኝቷል። ከኦክላንድ ፊጂ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ነው።