የደረቀ ትል ለዶሮ ሲሰጥ በግራም ይለካ

ጓሮ የምትጭር ዶሮ የምታገኛቸው ነፍሳት ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም ለማግኘት ትደክማለች። ከእሽግ በእፍኝ የሚበተንላት የደረቀ ትል ግን ያለ ድካም የሚገኝ ስብ ነው። ስለዚህ «ተፈጥሯዊ ምግቧ ስለሆነ አይጎዳትም» የሚለው ክርክር አያሳምነኝም።

በብዛት የሚሸጡት ሚልዎርም የሚባለው የዱቄት ጥንዚዛ እጭና የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ናቸው። ከደረቀ ሚልዎርም ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ስብ ነው። ካልሲየሙ ከ0.1 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ፎስፈረሱ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የወታደር ዝንብ እጭ ፕሮቲኑ 40 በመቶ ገደማ ነው። ካልሲየሙ ግን፣ እንዳደገበት ምግብ ቢለያይም፣ ከሚልዎርም እጅግ ይበልጣል። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ የምመርጠው ይህንኛውን ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ የእንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል። ዶሮዋ ከምትበላው ካልሲየም ሰውነቷ የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ስለሆነ በቀን 4 ግራም ገደማ ያስፈልጋታል። 4 በመቶ ካልሲየም ያለው የጣይ ዶሮ መኖ 110 ግራም ስትበላ ይሟላላታል። 20 ግራም ሚልዎርም ከተጨመረላት ግን ስቡ ያጠግባትና 30 ግራም ያህል መኖ ትተዋለች፤ በዚያው ከ1 ግራም በላይ ካልሲየም ይቀርባታል። የጎደለውን ከአጥንቷ ትወስዳለች፤ ቅርፊቱም እየሳሳ ይሄዳል። በጠባብ ቤት የምትውል ከሆነ ደግሞ ትርፉ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል። እንዲህ ያለ ጉበት በቀላሉ ይቀደድና ይደማል፤ ጤነኛ የምትመስለው ዶሮ በድንገት ሞታ ትገኛለች።

ስለዚህ ለአንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ5 ግራም አይለፍ፤ በሚዛን ይለካ። መኖዋን ከበላች በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ይሰጥ፤ ጉልበተኞቹ ብቻቸውን እንዳይጨርሱት ሰፋ ተደርጎ ይበተን። የተፈጨ ዛጎል በተለየ ዕቃ ይቅረብላት፤ የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትወስዳለች።

ላባ በምትለውጥበት ወቅት ግን እጄን እፈታለሁ። ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ እንቁላል መጣልም ስለምታቆም የካልሲየሙ ሥጋት ይቀላል። ለእነዚያ ሳምንታት 10 ግራም ቢሰጣት ተገቢ ነው። የነፍሳቱ ጠንካራ ቆዳ አይፈጭላትም የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ቆዳውን የሚያጠነክረውን ካይቲን የሚባል ንጥረ ነገር በከፊል የሚሰብር ኢንዛይም አላት፤ ጠጠር ካገኘች ደግሞ ፈረሰኛዋ ይፈጨዋል።

ከሁሉም የከፋው በበሰበሰ ሥጋ ላይ የተፈለፈለ ትል ነው። የቦቱሊዝም መርዝ ሊይዝ ስለሚችል የዶሮዋን አንገትና እግር ያልፈሰፍሳል፤ ይገድላልም። ጥንዚዛና ዝንብ የኮሶ ትልም ሊያስተላልፉባት ይችላሉ። ፀረ ተባይ ከተረጨበት ቦታ የተለቀመ ነፍሳት ፈጽሞ አይሰጥ፤ የሻገተ ወይም ስቡ የከረፋ እሽግም ይጣል።