ነጭ ድንጋይ ሁሉ ኖራ አይደለም

ወገኖቼ የጎጃም ሰዎች፣ ማዳበሪያ ሲዘገይ የምናሰማው እሮሮ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጅቡቲ የሚጫነውን በጉጉት የምንጠብቀውን ያህል ከእግራችን ሥር ያለውን ድንጋይ ለማወቅ አለመትጋታችን ያስቆጨኛል። ይባስ ብሎ ሳናስመረምር፣ ነጭ ሆኖ ያየነውን ሁሉ «ኖራ ነው» እያልን እርሻ ላይ የምንበትን አለን።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ዳር ሁለት ነጣ ያሉ ድንጋዮች አንሥቼ አደቀቅሁና ሎሚ ጨመቅሁባቸው። አንዱ አረፋ እያወጣ ፈላ። ሌላው ዝም አለ፤ በጥፍሬ ብጭረውም ተፋቀ። የፈላው የኖራ ድንጋይ፣ ዝም ያለው ጀሶ ነው። ሁለቱም በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ በንብርብር ተቀምጠዋል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ኖራ የአፈርን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ጀሶ ግን ካልሲየምና ሰልፈር ይሰጣል እንጂ አሲዳማነቱን አይቀንስም።

የእኛ የደጋ ቀይ አፈር ደግሞ ጭንቁ አሲዳማነት ነው። የዘመናት ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ወስዶታል፤ በተረፈው አፈር ውስጥ ያሉት አሉሚኒየምና ብረት ተበድረን የገዛነውን የማዳበሪያ ፎስፈረስ ስለሚይዙት ሰብሉ አያገኘውም። በፋግታ ለኮማ ብዙ ገበሬ እህል እንቢ ያለውን ማሳ ለዲከረንስ ዛፍ የለቀቀው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ አንድ ጣሳ ድንጋይ ይዞ ቢሮ ማንኳኳት የኖራ ክምችት ግምገማ አይባልም። የንብርብሩ ውፍረትና ስፋት ሊለካ፣ ናሙናው ከብዙ ቦታ ሊወሰድ፣ ካርቦኔቱ (አሲዳማነትን የሚቀንሰው ክፍሉ) እና የተቀላቀለው ሸክላ ሊታወቅ ይገባል። በደንብ ያልደቀቀ ኖራ በአፈር ውስጥ ቶሎ አይሠራምና የመፍጫው ወጪ፣ ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ያስፈልጋልና የማጓጓዣውም ወጪ አብሮ ይታሰብ።

ኖራችን ዩሪያን፣ ማለትም ናይትሮጅን የሚሰጠውን ማዳበሪያ፣ ይተካል የሚላችሁን አትስሙ። ናይትሮጅን ከድንጋይ አይፈለፈልም፤ የፎስፈረስ ድንጋይ ያለው በወለጋ ቢቅላል፣ ፖታሹም (የፖታሲየም ማዳበሪያ የሚሠራበት ማዕድን) በዳሎል ነው። የእኛ ድርሻ ኖራው ነው፤ እሱንም በወጉ ካልመዘንን የሌላው ሁሉ ድካም ማሳችን ላይ ይባክናል።

ናሙና ሊወስዱ የሚመጡ ባለሙያዎችን መሬታችንን ሊቀሙን ነው ብለን አናባርር። በዚህ በጋ እያንዳንዳችን ከማሳችን ከተለያየ ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረን፣ አፈሩን ቀላቅለን፣ ስማችንን ጽፈን በልማት ሠራተኛው በኩል ወደ ላቦራቶሪ እንላክ፤ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚበቃን የሚነግረን እሱ ነው።