እማዬ እና የቁስቋም ጽዋ

በ2018 እ.ኤ.አ. እማዬ ልትጠይቀን ለንደን መጣች። ያኔ ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስታኮ የተዘረፉ ቅርሶቻችንን አውጥቶ ያሳይ ነበር። ይዣት ሄድኩ። መግቢያው በነፃ ነው።

የወርቁ ጽዋ ፊት ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። ቀጥላ ጫማዋን አወለቀች። ዙሪያችን ያለው ሰው ዞር ብሎ አየን። ጠባቂው መጣ። እግሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ምንም ሳይናገር ወደ ቦታው ተመለሰ። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ያን ጽዋ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ለጎንደር ቁስቋም የሰጡት። እንግሊዞች አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ መቅደላ ሲዘምቱ አብሯቸው የመጣ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ጽዋውን ከወርቅ ዘውድ ጋር ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። አራት ፓውንድ! ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ደግሞ እኛ በሄድንበት ሰሞን ቅርሶቹን ለኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በውሰት ልንሰጥ እንችላለን ብሎ ነበር። ለእማዬ ስነግራት «የራሳችንን ሊያውሱን?» አለች። መልስ አጣሁ።

አጠገባችን የትምህርት ቤት ልጆች መሬት ላይ ዘርፈጥ ብለው ዘውዱን በእርሳስ ይስሉ ነበር። አንዷ የጉልላቱን ጌጥ ሦስቴ አጥፍታ ሳለችው። ማንም ቶሎ በሉ አላላቸውም። እውነቱን ልናገር፣ ከዝርፊያው እኩል ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በር ላይ በታክሲ ስንት ሺህ ጊዜ አልፌያለሁ። ድንቅነሽን ሳላይ ከአገር ወጣሁ። የትምህርት ቤታችን አስተማሪዎችም አንድ ቀን አልወሰዱንም። ቆይቼ አገር ቤት ስገባ ዘመዶቼን «ሙዚየም እንሂድ» ብላቸው «ምነው፣ እንግዳ መጣ እንዴ?» አሉኝ። እኛ ዘንድ ጎብኚ ማለት ፈረንጅ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ያየውን ሁሉ ጻፈ፣ ሲወጣም መጽሐፈ ሄኖክን ይዞ ወጣ። የራሳችን ዜና መዋዕል እያለ ዛሬም ስለዚያ ዘመን ስንከራከር የምንጠቅሰው እሱን ነው።

እማዬ ግን ጎብኚ አልነበረችም። ለእሷ ጽዋ ቄስ ይዞት ከመቅደስ የሚወጣ እንጂ በመስታወት የሚታይ ነገር አይደለም። ልጅቷ የሳለችውን ጌጥ እሷ ልብ አላለችውም። እሷ ያየችውን ደግሞ ልጅቷ አታውቀውም። ሁለቱም በአንድ ሰው ቢገናኙ ብዬ ተመኘሁ።

በማግስቱ ብሪቲሽ ሙዚየም ውሰደኝ አለች። እዚያ 11 ጽላቶች አሉ። አይታዩም። የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም። «እማ፣ ገብተንም አናያቸውም» አልኳት።

«ታቦት ማን ያያል? ውሰደኝ» አለችኝ።

ሄድን። ወደ ውስጥ አልገባችም። የብረት አጥሩን ግንባሯን አስነክታ ተሳለመች፣ ሦስቴ አማተበች። ከዚያ «በል እንሂድ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ» አለችኝ።