ቆጣሪውስ ይሻገራል?

ባሕር ዳር ውስጥ «ኮምፒውተር ያውቃል» ከተባልክ አለቀልህ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ አንተ ትጠራለህ። የአክስትህ ልጅ ቴሌግራም አልከፍት ሲለው አንተ ትጠራለህ። የጎረቤት ዲሽ «ሲግናል የለም» ሲል እንኳ፣ ኮምፒውተርና ዲሽ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ መሰላል ይዘው በርህ ላይ ቆመው ይጠብቁሃል። ክፍያው ቡና ነው። ጉዳዩ ከበድ ካለ አሳ ጥብስ።

አንድ የጀልባ ማኅበር የጠራኝም በዚሁ ዝና ነው። ስሙ ይቆየን። ጣና ላይ ቱሪስት ጭኖ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ያመላልሳል። «ዌብሳይታችን አርጅቷልና ወደ አዲሱ አሳድግልን» አሉኝ። ዌብሳይት እንዳላቸው ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ከአባላቱም ግማሾቹ የሰሙት ያን ዕለት ነው። የሠራላቸው ልጅ ካናዳ ገብቷል፣ ስልክ አያነሳም፣ ሲያነሳም «እዚህ ሌሊት ነው» ብሎ ይዘጋል። ቀን ሲሆንም ሌሊት ነው ይላል።

ዌብሳይቱ የተሠራው በድሩፓል ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ድሩፓል ከጀርባ ገብተህ ጽሑፉንም ፎቶውንም ዋጋውንም የምትቀያይርበት ሶፍትዌር ነው። ድሪስ ቦይታርት የሚባል ቤልጅጋዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ለቀቀው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያለ ባለሙያ እየጨመረበት እዚህ ደርሷል። ነፃ ነው፣ ማንም አውርዶ ይጠቀምበታል።

ይቺ «ነፃ» የምትባል ነገር ስብሰባው ላይ ስትነሳ ገንዘብ ያዥዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ነፃ ከሆነ አንተ የምትጠይቀው የምኑን ነው?»

«የእጄን ነው እትዬ።»

«እጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚከፈልበት?»

ሰብሳቢው ጣልቃ ባይገቡ ኖሮ እዚያው እናበቃ ነበር።

የነሱ ድሩፓል 7 ነው፣ ሰባተኛው ዕትም ማለት ነው። ይሄ ድሩፓል 7 የሚባል ነገር ለብቻው አንድ ወግ ይወጣዋል። የተለቀቀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2011 ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 2003። ድጋፉ በኖቬምበር 2021 ያበቃል ተባለ። ኮሮና መጣና ወደ 2022 ተራዘመ። ከዚያ ወደ 2023። ከዚያ ደግሞ ወደ 2025። ቀነ ገደብ ሲደርስ «ትንሽ ቀን ይጨመርልን» ማለት የኛ የመታወቂያ አሳዳሾች ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈረንጁም ያው ነው። በመጨረሻ ድጋፉ ያበቃው ጃንዋሪ 5 ቀን 2025፣ ለገና በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በተወለደበት ቀን፣ በ14 ዓመቱ። የሚገርመው ግን የታናሾቹ ነገር ነው። ድሩፓል 8 በ2015 ተወልዶ በ2021 አረፈ። 9ኛውም በ2023 ተከተለው። 7 ሁለት ታናሾቹን ቀብሮ ነው የሄደው።

ይህን ሁሉ ስዘረዝር ሰብሳቢው በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ አሁንም ስከፍተው ይከፈታል እኮ፤ ሞተ የምትለው ምኑን ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ድጋፉ አለቀ ማለት መሥራት አቆመ ማለት አይደለም፤ ቀዳዳ ሲገኝበት ሠሪዎቹ መጥተው አይደፍኑለትም ማለት ነው። ይህን አስረድቼ ስጨርስ ሁሉም ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው ሐይቁን አየ።

እውነቱን ለመናገር ለደኅንነት ብሎ የጠራኝ የለም። ያስጠራኝ አንድ ቱሪስት ነው። ጀልባ ላይ ሊወጣ ሲል ስልኩን አወጣና ዌብሳይቱን ከፍቶ የዋጋ ዝርዝሩን አሳየ። ዋጋው የ2005 ነው፣ በኛ አቆጣጠር። በዚያ ዋጋ ዛሬ ወደ ዘጌ ደርሶ መልስ ቀርቶ የነዳጁ ሽታ አይገዛም። «ይሄ የናንተ ዌብሳይት አይደለም ወይ?» አለ ሰውየው። ነው። ጀልባ ነጂው በነዳጅ ምሎ ተገዘተ፤ ቱሪስቱ ስልኩን አልመልስም አለ። አስጎብኚው መሀል ገብቶ ሲሸመግል ፀሐዩ በረታ፣ ሌላው መንገደኛ አኮረፈ። ማታውኑ ኮሚቴ ተቋቋመ።

መጀመሪያ የገጠመን የፓስወርድ ጉዳይ ነበር። ቀላል ነው ያለቀው። ጸሐፊው «ምስጢራዊ ስለሆነ መዝገብ ቤት ነው» አለ፣ መዝገብ ቤት ቁልፉ የለም፣ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። በር ላይ የተቀመጡት ጥበቃ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው ፓስወርዱን በቃላቸው ነገሩኝ። የማኅበሩ ስምና አንድ ሁለት ሦስት ነው። ሻይ የምታፈላው ልጅም ታውቀዋለች፣ «መጨረሻው ላይ ነጥብ አለው» ብላ አረመቻቸው።

ዋናው ጣጣ የመጣው ምን ይሻገር፣ ምን ይቅር የሚለው ላይ ነው። ከድሩፓል 7 ወደ 10 መሄድ አንድ ቁልፍ ተጭነህ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። 8ኛው ሲወጣ ሲምፎኒ በሚባል ማዕቀፍ ላይ እንደ አዲስ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ ለ7 የተሠራው ቴም፣ የገጹ መልክ ማለት ነው፣ አይሠራም፤ ሞጁሉም፣ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚገጠምለት ክፍል፣ አይሠራም። አዲስ ባዶ ዌብሳይት ታቆማለህ፣ ከዚያ የድሮውን ይዘት እየመረጥክ ታስገባለህ። «እየመረጥክ» የምትለዋ ናት ያስፈጀችን።

ስብሰባው ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ሆነ። ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጬ ገጹን ከፈትኩት። ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ መጣ። ከላይ «እንኳን ለ2005 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ» የምትል ቀይ ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ትሮጣለች። «ይቺ ትውጣ» አልኩ። ዝም አሉ። አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንኳን አደረሳችሁ ያለን ቃል መሰረዝ ደስ አይልም፣ ሟርት ይመስላል» አሉ። ተነጋገሩ። ዓመተ ምሕረቱ ይቀየር ተባለ። «በየዓመቱ ማን ይቀይረዋል?» ሲባል ሁሉም ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው ሐይቁን አየ። በመጨረሻ ዓመቱ ወጥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ እንዲሮጥ ተወሰነ፤ ለየትኛውም በዓል ይሆናል።

ቀጥሎ የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ፎቶ። ከመቶ በላይ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንድ ሁለቱን መርጬ የቀረውን ልተው ስል ተቃውሞ ተነሳ፤ እያንዳንዱ አባል እሱ ያማረበትን ፎቶ ያውቀዋል ለካ። ዌብሳይት እንዳላቸው ያልሰሙት ሳይቀሩ «ከታች አምስተኛዋን እንዳትነካ» ይሉኝ ጀመር። በአንዱ ፎቶ ሰብሳቢው የነቀሉትን እምቦጭ ከፍ አድርገው ይዘዋል፣ ሥሩ ተንጠልጥሏል፣ ዙሪያቸው ያለው ሰው እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። የሳቸው ሱፍ ላይ ግን ጠብታ የለም። ክራቫታቸውም እንደተተኮሰ ነው። «ይቺ ፊት ገጹ ላይ ትሁን» አሉ። ሆነች።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው መጣን። ከገጹ ግርጌ የጎብኚ ቆጣሪ አለ፣ ዜሮ ዜሮ እያለ የሚቆጥር፣ የድሮ የመኪና ኪሎሜትር ይመስላል። የሚሠራው በድሮ ሞጁል ነው፣ ያ ሞጁል ለአዲሱ አልተጻፈም። «ቆጣሪው አይሻገርም» አልኩ። እንዲህ ያለ ዝምታ ዋርካው ሥር ሰምቼ አላውቅም። «ከዜሮ ሊጀምር ነው?» አሉ ገንዘብ ያዥዋ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው የት ሊገባ ነው?» ቆጣሪው ሰው ሳይሆን የተከፈተበትን ጊዜ እንደሚቆጥር፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የቢሮው ኮምፒውተር ጠዋት ጠዋት ሲበራ ራሱ የሚከፍተው እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። አንድ ባለ ጀልባ ተቆጣ፦ «እኛ ይህን ቁጥር ለስፖንሰር ጠያቂ ደብዳቤ ላይ ስንጽፈው ኖረናል!» ቁጥሩን በእጅ እንጻፈውና ጸሐፊው ማታ ማታ ይጨምርበት የሚል ሐሳብ መጣ። ጸሐፊው ምን እንዳየ መንገር አያስፈልገኝም።

ማንም ያልተከራከረለት አንድ ነገር ነበር። በአንድ ጥግ «ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉም ይገባል» የምትል መስመር አለች። ለቱሪስት የምትረባው ከገጹ ሁሉ እሷ ናት። ማንም ስላላነሳት በዝምታ አሻገርኳት።

ይዘቱን ማዛወር ስጀምር ደግሞ ቀኖቹ ጉድ አወጡ። የድሮው ጸሐፊ ዜናውን ሲለጥፍ ቀኑን የሞላው በኛ አቆጣጠር ነው፤ ከሱ በኋላ የመጣው በፈረንጅ፤ የአሁኑ ደግሞ ተመልሶ በኛ። ሲስተሙ ምኑን ያውቃል? ሁለቱንም አምኖ ደረደራቸው። እናም ማኅበሩ ድሩፓል 7 ሳይፈጠር በስድስት ዓመት ቀድሞ በድሩፓል 7 ዜና ለጥፏል። በኛ 2017 የተለጠፈው ዜና ደግሞ በፈረንጅ 2019 ከተለጠፈው በታች ተቀብሮ ይገኛል። ሌላው፣ ማኅበሩ የተመሠረተው ጳጉሜ ውስጥ ነው። የቀን መሙያው 12 ወር እንጂ 13ኛውን አያውቅም። «ነሐሴ እንበለው» ስላቸው «የልደታችንን ቀን በፈረንጅ ሳጥን ምክንያት አንቀይርም» ብለው በድምፅ ብልጫ አሳለፉ። በዚህስ አልፈርድባቸውም። እንደ ተራ ጽሑፍ አስገባሁት።

ከሁሉም ያሳቀኝ የሰብሳቢው መልእክት ነው። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነበር። ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደል ሁሉ በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲነበብ የሚያደርገው ሥርዓት፣ የኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን ብዙ ቢሮ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በድሮው ፎንት መተየቡን አልተወም። በዚያ ፎንት ዓይንህ «ሀ» ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ያልተጫነበት ስልክ ላይ ስትከፍተው ትርምስ ነው። ፎንቱ የተጫነው ደግሞ በሰብሳቢው ቢሮ ኮምፒውተር ብቻ! ስለዚህ ይህን ያህል ዓመት መልእክቱን በአማርኛ ሲያነቡ የኖሩት ራሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ዓለም ያየው ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ነው። ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም። አንድ አባል እንዲያውም «እንግሊዝኛው ከበደኝ እንጂ ጥሩ መልእክት ነው» ብሎኛል።

እንደገና በዩኒኮድ ተየብኩት፣ ዋጋውን አስተካከልኩ፣ አዲሱ ተከፈተ። አሮጌውን ላወርድ ስል ሰብሳቢው እጄን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ግንቦት 2016 ላይ ያ 380 ሜትሩ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ አሮጌውን ማን አፈረሰው? አለ አይደል እንዴ፣ ጎን ለጎን?»

«ጋሼ፣ ድልድይና ዌብሳይት…»

«አለ ወይስ የለም?»

አለ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ አሮጌው ባለበት እንዲቆይ።

በማግስቱ ደግሞ ጸሐፊው ስልኩን እያወዛወዘ መጣ። ድሩፓል 11 መኖሩን አንብቧል፣ እሱም ከ2024 ጀምሮ። «11 እያለ 10 ያስገባህብን ለምንድን ነው?» ሰርቨራቸው ላይ ያለው ፒኤችፒ፣ ድሩፓል የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ዕትሙ 8.1 እንደሆነ፣ 11 ደግሞ 8.3 እንደሚፈልግ፣ ለዚያ ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን የሆስቲንግ ጥቅል መቀየር እንዳለባቸው ነገርኩት። ገንዘብ ያዥዋ «ጥቅል» የምትለዋን ብቻ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። ሰብሳቢው አሰቡ፣ አሰቡና «እንግዲያው 12 እስኪወጣ ብንጠብቅስ?» አሉ።

አሁን ሁለቱም ክፍት ናቸው። ጎግል ላይ ከላይ የሚመጣው አሮጌው ነው፣ ዕድሜ አለው፣ የታወቀ ነው። ሰሞኑን አንዲት ቱሪስት ጀልባው ጋ ቆማ የ2005ን ዋጋ በስልኳ ስታሳይ ነበር። ሮጬ ሄጄ «ይሄን ነው አውርዱት ያልኳችሁ!» አልኩ። ገንዘብ ያዥዋ የልጅቱን ስልክ ተቀብለው እስከ ታች ድረስ ወረዱ።

«ቢሆንም» አሉኝ፣ «ቆጣሪው የሚሠራው በዚህኛው ነው።»