አውሮፕላን በጠፋ ቁጥር የሚያድገው አየር መንገድ

እድገት መማር የፈለገ ሰው ቴህራን ሄዶ ማሃን ኤርን ይይ። ከርማን ከተማ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢራን የመጀመሪያው የግል አየር መንገድ ነው። አሜሪካ በ2011 ለአብዮታዊ ዘብ (ለኢራን ልዩ ጦር) ሰው ያመላልሳል ብላ ማዕቀብ ጣለችበት። ጀርመንም በ2019 ወደ አገሬ አትብረር አለችው። ምቀኛ ሁሉ!

ሌላው አየር መንገድ ፋብሪካ ድረስ ሄዶ ያዛል፣ ይከፍላል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ማሃን ዘንድ እንዲህ ያለ ድካም የለም። አውሮፕላኑ መንገድ ስቶ ራሱ ይመጣለታል። በ2022 መጨረሻ አራት ኤርባስ ኤ340ዎች ከጆሃንስበርግ ተነሱ። መድረሻቸው ኡዝቤኪስታን ነው ተብሎ ነበር። ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ኢራን አረፉ። በ2024 ሁለት ሌሎች ከሊትዌኒያ ወጡ፤ አንዱ ወደ ስሪላንካ፣ ሌላው ወደ ፊሊፒንስ። የኢራን ሰማይ ላይ ሲደርሱ ትራንስፖንደራቸውን (ቦታቸውን የሚያሳውቀውን መሣሪያ) ድርግም አድርገው ቁልቁል ወረዱ። በ2025 ደግሞ አምስት ቦይንግ 777ዎች ከቻይና ወጥተው ካምቦዲያ አርፈው ሲነሱ ያው ደረሰባቸው። ወሬው ሁሉ የሚያልቀው ማሃን ደጃፍ ላይ ነው። እንግዳ ተቀባይነት ማለት ይህ ነው።

የደህንነት ታሪኩም አያሳፍርም። በጥቅምት 2015 አንድ ያረጀ ቦይንግ 747 ከቴህራን መህራባድ ወደ ባንዳር አባስ ተነሳ። ብዙም ሳይርቅ አንዱ ሞተሩ ፈነዳ። ተመልሶ አረፈ፤ የተጎዳ ሰው የለም። አያችሁ አርቆ አሳቢነት? አራት ሞተር ያለው አውሮፕላን አንዱ ቢፈነዳ ሦስት ይተርፈዋል። እነዚያ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን የሚያበሩ ሞኞች ይህን የት ያውቁታል።

ጎረቤቱ ካስፒያን ኤርላይንስም የዋዛ አይደለም። በጥር 2020 ማህሻህር ላይ ሲያርፍ መንደርደሪያው አልበቃው ብሎ አጥሩን አልፎ አውራ ጎዳና ላይ ቆመ። ተሳፋሪው በቀጥታ አስፋልት ላይ ወረደ። ታክሲ ፍለጋ የለ፣ ምን የለ። ማንም አልሞተም። ባለሥልጣኑም ተሳፋሪውም አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ጉዳዩ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ትንሽ ላቁመው። የዚያው የካስፒያን ቱፖሌቭ አውሮፕላን በሐምሌ 2009 ወደ አርሜኒያ ዋና ከተማ የሬቫን ሲበር ቃዝቪን አጠገብ ተከስክሶ 168 ሰው አልቋል። የታዳጊዎች የጁዶ ቡድን አባላትም ውስጡ ነበሩ። ከዚህ በኋላ «ማንም አልሞተም» ትልቅ ነገር ቢመስል አይደንቅም። ለተሳፋሪው እንግዲህ ምን ይባላል። ኩባንያ ግን ይህን እንደ ውጤት ሲቆጥር ያስቃል።

ኩባንያዎቹን ጠይቋቸው። ለምን ፈነዳ? ማዕቀብ። ለምን አረጀ? ማዕቀብ። ለምን ዘገየ? ማዕቀብ። ሻዩ ለምን ቀዘቀዘ ብትሉም መልሱን አትጡት።

በእርግጥ ማዕቀቡ ውሸት አይደለም። ኢራን ከኃያላኑ ጋር ካደረገችው የኒውክሌር ስምምነት በኋላ የመንግሥት የሆነው ኢራን ኤር 200 ገደማ አዲስ አውሮፕላን አዝዞ ነበር። አሜሪካ በ2018 ስምምነቱን ጥላ ወጥታ ማዕቀቡን እስክትመልስ እጁ የገባው 16 ብቻ ነው። የበደሉን ግማሽ ዋሽንግተን ትውሰድ።

ግራ የሚያጋባው ሌላው ግማሽ ነው። ብሎን እንዳይገባ የሚከለክል ማዕቀብ 777ን የሚያህል ነገር ከነክንፉ እንዴት አሳለፈ? በ2015 በአንድ የኢራቅ ኩባንያ ስም ዘጠኝ ኤርባስ ያስገባ ቤት፣ የሞተር መለዋወጫ ሲባል ለምን እጁ ያጥራል? ምናልባት መለዋወጫ በቴሌቪዥን አያምር ይሆናል። አዲስ የገባ አውሮፕላን ፎቶ ይነሣል፤ የተቀየረ ብሎን ማን ያነሣዋል?

ስለዚህ ለማሃን አንድ ትንሽ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ መንገድ የሚስት አውሮፕላን ሲገኝ፣ እባካችሁ ሆዱ ውስጥ መለዋወጫም ጫኑበት። የጥገና መዝገቡም አብሮ ይሳሳት።