እንቁላሉ ቀስ ይበል፣ እኛ ቸኩለናል

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ መሃል ቆሞ ያላየ ሰው ስለ አገራችን ሩጫ ባያወራ ይሻላል። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ቀጫጭን ልጆች አንዱ የሌላውን ተረከዝ እያየ፣ በግንዶቹ መካከል እየተጠማዘዙ ይመጣሉ። ሮጡ ለማለት እንኳ ያስቸግራል። ሶምሶማቸው ሱቅ ተልኮ መመለስ የማይፈልግ ልጅ አካሄድ ነው። አንዷን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ፣ ገና ሲጀምሩማ ከ7 ደቂቃም በላይ ይጨርሷታል። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። ከመካከላቸው ግን በውድድር ቀን ኪሎ ሜትሩን ከ3 ደቂቃ በታች የሚፈጀው አለ።

በዚህ መሃል በአስፋልቱ በኩል ጀግናችን ብቅ ይላል። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ዳገቱን በሩጫ የወጣ ነው። ፊቱ ድልህ መስሏል፤ ትንፋሹ ከአካሉ ቀድሞ ይደርሳል። ልጆቹን ሲያይ አንገቱን ቀና ያደርግና ይጨምራል። ያልፋቸዋል! እነሱ የቤት ኪራዩን ወሬ አላቋረጡም፤ ቢሆንም ማለፍ ማለፍ ነው። የኦሎምፒክ ሜዳሊያ በሚበቅልበት ጫካ፣ በማክሰኞ ማለዳ፣ ባለሙያዎቹን ጥሎ የሄደን የቢሮ ሠራተኛ ያላመሰገነ አገር ማንን ሊያመሰግን ነው? ይኸው እኛ እናመስግነው።

ምስጋናው ከአቋም ጽናቱ ይጀምራል። አትሌቶቹ አቋም የላቸውም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነፍሳቸው እስክትወጣ ይሮጡና በቀረው ቀን ይንፏቀቃሉ። ጀግናችን ግን ሰኞም፣ ረቡዕም፣ ቅዳሜም ያው ነው። አንድ ፍጥነት ብቻ ያውቃል፤ እሱም "እስኪያቅተኝ" የሚባለው ነው።

ዕድሜው 35 ነው እንበል። ከ220 ላይ 35 ሲቀነስ 185 ይቀራል። ልቡ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ጣሪያ ይህ ነው ይባላል (ግምት ነው፤ ከሰው ሰው በአሥርም በአሥራ አምስትም ይለያያል)። ለቀላል ሩጫ ከጣሪያው ከ65 እስከ 75 በመቶው፣ ማለትም ከ120 እስከ 139 ይበቃል። ሂሳብ የማይወድ ሰው ቁጥሩም አያስፈልገውም። እየሮጠ አባታችን ሆይን ወይም ፋቲሓን ሳይቆራርጥ ማድረስ ከቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ጀግናችን 165 ላይ ስለሚውል "አባታችን ሆይ" ብሎ "በሰማያት" ሳይደርስ አየር ያልቅበታል። በሌላ በኩል ካየነው ደግሞ ለሰማያት ከሁላችንም የቀረበው እሱ ነው።

165 ለቀላል ሩጫ በዝቷል፤ እውነተኛ ፍጥነት ለሚሠራበት ቀን ደግሞ አይበቃም። ይህን መሃል ሰፋሪ ፍጥነት ፈልጎ ማግኘት በራሱ ችሎታ ይጠይቃል። ትሩፋቱ ሐሙስ ይታያል። ሐሙስ ስድስት ጊዜ 1,000 ሜትር፣ እያንዳንዱን በ4 ደቂቃ ከ30 ሊሮጥ አቅዷል። የመጀመሪያውን በ4 ከ05 ይጨርሳል፤ ሰው እያየው ስለነበረ ነው። አራተኛው 5 ከ10 ይሆናል። አምስተኛው ላይ የጫማ ክሩን ለማሰር ጎንበስ ይልና በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። እግሩ የሰኞንና የረቡዕን ዕዳ ተሸክሞ እንደመጣ ማንም አልነገረውም። ቢነግረውም አይሰማም።

ቀስ ብሎ መሮጥ ምን ያመጣል የሚሉ አሉ። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ይጨምራል፤ ጡንቻው ውስጥ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ሰውነት ስኳሩን ቆጥቦ ስቡን ማንደድ ይለምዳል። ይህ ሁሉ ግን ወራት የሚፈጅ፣ ላብ የማያንጠባጥብ፣ ፎቶም የማይወጣለት ሥራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን የፌስቡክ ገጽ አልነበራቸውም።

የቦታ ምርጫውም ሊወደስ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3,000 ሜትር ሲታለፍ፣ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። አትሌቶቹ ፈሪ ስለሆኑ ለቀስታው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ለፍጥነቱ ደግሞ ዝቅ ወዳለው ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። ጀግናችን ፍጥነቱን እንጦጦ ላይ ይሠራል። የሚከተለውም ከኢንተርኔት ያወረደውን፣ ባሕር ዳር አካባቢ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ፕሮግራም ነው (የጣናዋን ባሕር ዳር ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ላይ ናት)። ፕሮግራሙ "በ5 ደቂቃ ሩጥ" ካለ በ5 ደቂቃ ነው። ከፍታውን አስቦ ሠላሳ ሴኮንድ መጨመር ለእሱ አገር መክዳት ነው።

የሰውነቱ ክፍሎች ግን እንደ እሱ ቆራጥ አይደሉም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይላመዳሉ። ጅማትና አጥንት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ጉዳዩ የሚያልቀው በወራት ነው። ትንፋሹ "እችላለሁ" ሲል ቅልጥሙ ገና ፋይሉን አልከፈተም። በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት 17 ቢያደርገው፣ በየአራተኛው ሳምንትም ቀነስ ቢያደርግ ፋይሉ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር። ጀግናችን ከ15 ወደ 45 ይዘላል፤ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበት ኅዳር ደርሷላ!

ከዚያ የቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝ ማመም ይጀምራል። እዚህ ላይ አውራ ጣት ብቻ ብዙ ይናገራል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ጀምሮ አጥንቱን እየተጫኑ ወደ ላይ ሲወጡ ሕመሙ ስንዝር ያህል የተዘረጋ ከሆነ፣ ሰውነት ሲሞቅም ቀለል የሚል ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተቆጣው የአጥንቱ ልባስና እዚያ የተያያዘው ጡንቻ ነው። ሩጫ መቀነስና መታገሥ ይበቃዋል። ሕመሙ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ከተጠራቀመ፣ በአንድ እግር ሲዘለል ከወጋ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይም ይችላል። ይኸኔ ነው የጀግናችን ብልሃት የሚወጣው። "ራጁ ንጹሕ ነው" ይልና ወጌሻ ቤት ይሄዳል። የተሰነጠቀ አጥንት በቅባት ታሽቶ፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ፣ ቅዳሜ እንደገና እንጦጦ ይገኛል። ወለምታ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህን ያህል አይታሽም ነበር።

የልብ ምት የሚቆጥረውን የእጅ ሰዓቱን ደግሞ አለማንሳት ነውር ነው። በእንጦጦ ብርድ ደም ከቆዳ ስለሚሸሽ፣ ላላ ተደርጎ የታሰረ ሰዓት የልብን ምት ይተውና የእግርን ምት ይቆጥራል። በደቂቃ 170 ገደማ መሆኑ ነው። ከእጅ አንጓው አጥንት ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ጀግናችን ግን ለምን ያስተካክላል? 170 ቆንጆ ቁጥር ነው፤ ስትራቫ በሚባለው የሯጮች መተግበሪያ ላይ ሲለጠፍ "አንተ አውሬ!" ያስብላል።

ቁጥርን ማክበር ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ በአንድ እሑድ ጠዋት ኮንዶሚኒየም በር ላይ ይቁም። ጀግናችን አንገቱን ደፍቶ ይደርሳል፤ ሰዓቱን ያያል፤ 9.87 ኪሎ ሜትር ይላል። ሳይቆም በቀጥታ በቆሙት መኪኖች ዙሪያ መዞር ይጀምራል። ዘበኛው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ኩርሲያቸው ላይ ሆነው፣ አንድ ዙር በዝምታ አዩት። በሁለተኛው አላስቻላቸውም።

"ምን ጠፋብህ ልጄ?"

"90 ሜትር፣ አባባ!"

እሳቸውም ከኩርሲው ተነሥተው ከመኪኖቹ ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉለት።

ወደ ጫማው እንለፍ። ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 2016 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ አንዱ እግር 138 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ዋጋው 500 ዶላር የተቆረጠለት ነበር። ሠሪው አዲዳስም ጫማው ለአንድ ማራቶንና ከዚያ በፊት ላለች አጭር መለማመጃ የተሠራ መሆኑን አልደበቀም። ጀግናችን ያን ባያገኝ የሱን ዘመድ፣ ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሰሌዳ ያለበትን፣ አስልኮ ያገኛል። ተራ የልምምድ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል፤ የካርቦኑ ስፖንጅ በአብዛኛው ከዚያ ቀድሞ ይሞታል። እሱ ግን ታክሲም ይጠብቅበታል፣ ዳቦም ይገዛበታል፣ እንጦጦ ጠጠርና ጭቃ ላይም ይወጣበታል። ስፖንጁ ከፍ ያለ፣ ለስላሳና ተረከዙ ጠባብ ስለሆነ ድንጋይ ሲረግጥ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። የውድድሩ ቀን ሲመጣ ጫማው እንደ ቤት ነጠላ ጫማ ተኝቷል፤ ዳቦ ቤቱ ግን በሪከርድ ሰዓት ተደርሶበታል።

ታላቁ ሩጫ ሳምንት ሲቀረው የጀግናችን ሥራ ይከብዳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይህን ውድድር ሲያስጀምር፣ የኅዳር 1994 ዓ.ም.ን የመጀመሪያውንም ራሱ ሲያሸንፍ፣ 10 ኪሎ ሜትር በሰባት ቀን የሚለመድ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ መሆን አለበት። ዛሬ የተሠራ ከባድ ልምምድ ፍሬው የሚታየው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ድካሙ ግን ነገውኑ ይደርሳል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ርቀቱን በግማሽ ገደማ ቀንሶ፣ እግር እንዳይተኛ ብቻ አንድ ሁለት ቀን አጫጭር ፈጣን ሩጫ መጨመር ይመከራል። ጀግናችን ሐሙስ ዕለት አሥሩንም ኪሎ ሜትር በሙሉ ጉልበት ይሮጣል፤ "ራሴን ልለካ ብዬ ነው" ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው መቀነት ለሚታጠቁ ነው፤ የሱ ቁምጣ ላስቲክ አለው።

ዋዜማው ላይ ቁርጥ ይበላል፤ ኃይል ይሰጣላ። ሥጋውና ጮማው ሌሊቱን ሙሉ ሆዱ ውስጥ ስብሰባ ተቀምጠው ያድራሉ። ጠዋት በሶ አለ። በማር የተበጠበጠ አንድ ኩባያ በሶ፣ ከሩጫው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት፣ ምንም የማይወጣለት ቁርስ ነው። እሱ ግን ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው አንድ ሊትር ይጨምርበታል፤ ለጎን ውጋት ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ኪሱ ውስጥ ደግሞ ሦስት የስኳር ጄል ይዟል። ሰውነት ውስጥ የተከማቸው ስኳር ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከባድ ሩጫ ስለሚበቃ ለአሥር ኪሎ ሜትር አንዱም አያስፈልግም፤ ሆኖም ፎቶ ላይ ጥሩ ይወጣል።

ዕቅዱ ከ60 ደቂቃ በታች መግባት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ6 ደቂቃ ከ10፣ የቀሩትን ሰባት በ5 ከ55 ቢሮጥ በ59 ከ55 ይገባ ነበር። ሂሳቡ ያለቀለት ነው። ጀግናችን ግን መስቀል አደባባይን ሲለቅ ዘፈኑ ሞቋል፣ ቀዩም ቢጫውም ማልያ ከፊቱ ነው፤ የመጀመሪያውን በ4 ከ40 ይጨርሳል። ሦስተኛው 6 ከ50 ይሆናል። አምስተኛው ላይ ወገቡን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። ይኸኔ ከበሮ የያዙ፣ እስክስታ የሚወርዱ፣ መሃል መሃል ላይ ቆመው የሚያጨበጭቡ ልጆች ያልፉታል። እነሱ ለሩጫው አንድ ቀንም አልተለማመዱም። አባታችን ሆይን ግን ሳይቆራርጡ ያደርሱ ነበር።

ሆኖም መጨረሱ አይቀርም። መስመሩን አልፎ አስፋልቱ ላይ ሲዘረጋ ሁለት ሰው ያራግብለታል፣ አንዱ ጉሉኮስ ይፈልግለታል። ይህን ከአበበ ቢቂላ ጋር ማነጻጸር ግድ ይላል። አበበ ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት አምስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ሁለተኛው እስኪደርስ ከአራት ደቂቃ በላይ ስለነበረው ሣሩ ላይ ወጥቶ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ያን ሁሉ ጉልበት ሳይጨርስ ገብቶ ሜዳ ላይ የሚያባክን ሰውና አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ሁሉን አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የጨረሰ ሰው እኩል ናቸው?

ማክሰኞ ጀግናችን ደረጃ የሚወርደው ወደ ኋላ ዞሮ፣ መደገፊያውን ጨብጦ ነው። ፊት ለፊት ሲወርድ ጭኑ አይታዘዝለትም። ቢሮው ገብቶ ሲቀመጥ ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል። ያነሣዋል። የሁለት ወሩን ልፋት ሁሉ የቆጠረው ጋርሚን በአንዲት ቃል ደምድሞለታል፤ "ፍሬ አልባ" ይላል።

ጀግናችን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ስልኩን አነሣና ያንን ሰዓት ያስላከለት ጓደኛው ዘንድ ደወለ፦ "ስማ፣ ይኼ ነገር ብልሽት አለበት መሰለኝ። ሌላ ስንት ይገባል?"